ዕጣና ፈቃድ

ከቶታል ወደ አየር ጤና በሚወስደው በጅማ መንገድ ዳር፥ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው በዘነበወርቅ ሠፈር፥ ሁለት የሕክምና ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሕዝቡ አለርት ብሎ የሚጠራው ሆስፒታል ነው፤ መሠረቱም በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ የደከመበትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ ሲሆን፥ በ1965 የውጭ አገር በጎ አድራጊ ማኅበራት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብረው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ አደረጉት። ሁለተኛው፥ በ1970 የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች የመሠረቱትና ከ2004 ጀምሮ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የሆነው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

አንደኛው ቤት የቆመው ለመፈወስ ነው፤ ሁለተኛው ለማወቅ። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ግን አንድ ሰው ነው፤ ይኸውም እጁ ደንዝዞ፥ እግሩ ቆስሎ፥ ወይም ሳንባው ታሞ ፈውስ ሊፈልግ የመጣው ሕመምተኛ። ይህ ሰው ከታካሚነት ወደ ምርምር ተካፋይነት የሚሻገረው መቼ ነው? የሚያሻግረውስ በማን ሥልጣን ነው? የሕክምና ምርምርን ጉዳይ የሚያነሣ መጽሐፍ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሊያልፍ አይችልም፤ እኔም መልሱን ከሩቅ አገር መጻሕፍት ይልቅ በዚሁ በኮልፌ በተሠራው ሥራ ላይ መፈለግን መርጫለሁ። ነገር ግን ኢንስቲትዩቱ የተጠራበት ሰው ታሪክ ራሱ የጥያቄው ምንጭ ስለሆነ፥ አስቀድመን ወደ ኖርዌይ መሻገር ግድ ይሆናል።

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ ሐኪም ነው። በእርሱ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ የገዛ አማቱ ዝነኛው ሐኪም ዳንኤልሰንም ደዌው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑን ለማስረዳት ከሕሙማን ቁስል የተወሰደውን ነገር በራሱና በረዳቶቹ ሥጋ ላይ አስገብቶ አንዳች ጉዳት ሳያገኘው ቀርቷል። ሐንሰን ግን በ1873 ከሕሙማን እባጭ በወሰደው ሥጋ ውስጥ ዘንግ የመሰሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንን በአጉሊ መነጽር አይቶ የደዌው ምክንያት እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ማየት ግን ማስረዳት አይደለምና፥ ተሕዋሲው በእርግጥ ደዌውን የሚያመጣ መሆኑን ለማሳየት ከሕመምተኛው አካል አውጥቶ ማራባት፥ ከዚያም ወደ ሌላ አካል አስገብቶ ደዌውን ማስነሣት ይፈለግ ነበር። ያ ተሕዋሲ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ አልበቅል አለ፤ እስከ ዛሬም ድረስ አልበቀለም። በእንስሳት ላይ የተሞከረውም ያን ጊዜ ሁሉ ከንቱ ሆነ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ነው ሐንሰን በ1879 በበርገን ሆስፒታል የተኛች የ33 ዓመት ሴት ዓይን፥ ከሌላ ሕመምተኛ እባጭ በወጣ ነገር በተነከረ የዓይን ቢላ የወጋው። ሴቲቱ ቀድሞውንም የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነበረች፤ ሆኖም የርሷ ደዌ ነርቭን የሚያደነዝዘው ዓይነት ነበርና፥ ሐኪሙ ሊያይ የፈለገው እባጭ የሚያወጣው ዓይነት በርሷ ላይ ይነሣ እንደ ሆነ ነው። ምን ሊደረግባት እንደ ታሰበ አልተነገራትም፤ ፈቃዷም አልተጠየቀም። ሕመሟንና በደሏን ለሆስፒታሉ ቄስ ነገረች፤ ቄሱም ነገሩን ሳይሸፍን ወደ ባለ ሥልጣናት አደረሰው። በ1880 ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲታይ ሐንሰን ድርጊቱን አልካደም፤ ፈቃዷን ያልጠየቀውም ነገሩን እርሱ በሚያይበት ዓይን ታየዋለች ብሎ ስላልገመተ መሆኑን ገለጸ። ዳኞቹ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ እንዲነሣ ፈረዱ፤ የአገሪቱን የሥጋ ደዌ ሥራ የመቈጣጠር ሹመቱ ግን አልተነካበትም። በሴቲቱ ዓይን ላይም አዲስ ደዌ አልተነሣም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንባቢ አጥብቆ እንዲመለከተው የምሻው የሐኪሙን ምክንያት ነው። ሐንሰን ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሴቲቱን ለመጉዳት አላሰበም፤ የፈለገው ዕውቀትም በኋላ ብዙ ሺህ ሕሙማንን የጠቀመ ነው። ነገር ግን «ብጠይቃት እንቢ ትለኛለች» ብሎ መጠየቅን የተወ ሰው፥ የሴቲቱን እንቢታ አስቀድሞ ሰምቶት ነበርና እንቢ እያለች አደረገው ማለት ነው። የበርገን ዳኞች ይህን የተረዱት፥ የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ተከሰው የሰው ነጻ ፈቃድ ለምርምር የማይታለፍ ግዴታ መሆኑ በ1947 ከመጻፉ 67 ዓመት አስቀድመው ነው። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለ ፍርድ ያገኘው ሰው ስም በኢትዮጵያ የምርምር ቤት ላይ ሊጻፍ ይገባልን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ስሙ መነሣት የለበትም፤ ግኝቱ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን በዚያ ቤት የሚሠለጥን ወጣት ተመራማሪ ሁሉ የ1873ን ግኝት በተማረበት ቀን የ1880ን ፍርድ አብሮ ሊማር ይገባዋል።

አሁን ወደ ኮልፌ እንመለስ። ኢንስቲትዩቱ ሲመሠረት ከመጡት ተመራማሪዎች አንዱ፥ ኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ውስጥና በክትባት ሥራ እጅግ የታወቀው ኖርዌያዊ ቶሬ ጎዳል ነበር። እርሱና ባልደረባው ነጋሢ በ1973 ያሳተሙት ጥናት ጥበቡ ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ከሰው ደም ነጫጭ ሕዋሳትን ለይተው ከሥጋ ደዌ ተሕዋሲ ጋራ ያገናኙና ሕዋሳቱ ይባዙ እንደ ሆነ ይመለከታሉ፤ ከተባዙ ያ አካል ጠላቱን ከዚህ በፊት ያውቀዋል፤ ካልተባዙ አያውቀውም። በዚህ መንገድ ሲመረምሩ፥ ሥጋ ደዌ ካለበት አገር ደርሰው የማያውቁ ሰዎች ደም ዝም ሲል፥ ከሕሙማን ጋራ ከአንድ ዓመት በላይ የሠሩት ጤነኞች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምላሽ ሰጡ። ይህም ማለት ተሕዋሲው ከሚታሰበው በላይ ብዙ ሰዎችን የሚደርስ ሲሆን፥ የአብዛኛው ሰው አካል ግን ሳይታመም ድል ይነሣዋል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለዘነበወርቅ ሠፈር ምን ማለት እንደ ነበረ በደንብ ላስረዳ። ታክመው ከዳኑት ሕሙማን ብዙዎቹ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ አልደፈሩም፤ ዘመድ ይሸሻቸዋል፥ ልጆቻቸው ለጋብቻ አይፈለጉም፥ ከማኅበርና ከእድር ይለያሉና፤ ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። በአካባቢው በገብረ ክርስቶስ ስም ቤተ ክርስቲያን መኖሩም ያለ ነገር አይደለም፤ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ዙፋኑንና ሙሽራይቱን ትቶ የድውያንን መልክ ለመልበስ የለመነውን ጻድቅ ታሪክ ሕሙማኑ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እነዚህ ሰዎች እንደ መርገም ሲሸሹ በኖሩበት ዘመን፥ ጥናቱ ከሕሙማን ጋራ አብሮ መሥራትና አብሮ መብላት አብዛኛውን ሰው ለደዌው እንደማይዳርገው ከደም ምስክር አቀረበ። ምስክሩን የሰጡትም ጤነኞች ናቸው፤ የሕክምና ዕውቀት ከታመመው ብቻ ሳይሆን ካልታመመው ሰው ደምና ፈቃድ ጭምር እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከዚሁ ግቢ የወጣ ሌላ ዕውቀት ደግሞ አስደንጋጭ ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥጋ ደዌ ዳፕሶን በሚባለው ክኒን ይታከም ነበር፤ ርካሽ ነው፥ በአፍ ይዋጣል፥ በውጤቱም ሰው ሁሉ ተደስቶበት ነበር። ሕመምተኛው ግን ለብዙ ዓመታት፥ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን፥ ይህንኑ አንዱን መድኃኒት ብቻ መውሰድ ነበረበት። ቀስ በቀስ ደዌው የሚያገረሽባቸው ሕሙማን በዙ። ጥፋቱ የማን ነው? ሕመምተኛው ክኒኑን ትቶ ነው ወይስ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶ ነው? ብዙ ጊዜ ነቀፌታው በሕመምተኛው ላይ ይወድቅ ነበር። ተሕዋሲው በብርጭቆ ስለማይበቅል፥ እውነቱን ለማወቅ ከሕመምተኛው ሥጋ ቅንጣት ወስዶ በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማስገባትና አይጧን ዳፕሶን እየመገቡ ብዙ ወራት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ፒርሰን፥ ኃይሌና የለንደኑ ሪስ በዚህ አድካሚ መንገድ መርምረው፥ በ1977 ከዚህ ቀደም አንድም ቀን ዳፕሶን ባልወሰዱ አዲስ ሕሙማን ውስጥ እንኳ መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋሲ መገኘቱን አስታወቁ። ክኒኑን ፈጽሞ ያልቀመሰን ሰው ክኒንህን ትተሃል ብሎ መንቀፍ አይቻልም። ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የተሰበሰበው ይህን የመሰለ ማስረጃ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 አንዱን መድኃኒት ትቶ ሪፋምፒሲን፥ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን ተጣምረው እንዲሰጡ ያስወሰነው፤ ዛሬ ሥጋ ደዌ በወራት የሚድን በሽታ የሆነው በዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መመልከትና ስለ መመርመር ነው። ከሁለት መድኃኒቶች የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሕሙማንን በዕጣ መክፈል ነው። ብዙ ሰዎች በምርምር ላይ የሚቈጡት እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው። አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም ሲመጣ ሐኪሙ ዐውቆ የሚበጀውን እንዲሰጥለት እንጂ ዕጣ እንዲጥልበት አይደለም፤ ቍጣው የሚናቅ አይደለም።

በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው፥ 10 ቀን ጥራጥሬ እየበሉና ውሃ እየጠጡ እንዲፈተኑ፥ ከዚያም መልካቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች መልክ ጋራ እንዲተያይ እንደ ለመኑ ይነበባል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ማነጻጸር አለ፥ የተወሰነ ጊዜ አለ፥ ፈቃድም አለ፤ ይልቁንም ፈተናውን የጠየቁት ተፈታኞቹ ራሳቸው ናቸው። የሌለው ዕጣ ነው። ጥራጥሬውን የሚበሉትን የለያቸው ሃይማኖታቸው ስለ ሆነ፥ ነገሩን በመብል ብቻ ሊመዝን የሚወድ ሰው፥ ብላቴኖቹ ቀድሞውንም ብርቱዎችና በምግባራቸው የታረሙ ነበሩ ለማለት ይችላል። መጽሐፉ የሚነግረን የእግዚአብሔርን ጥበቃ እንጂ የመብልን ሳይንስ አይደለምና ይህ በመጽሐፉ ላይ ነቀፋ አይደለም፤ ዕጣ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ግን በግልጥ ያሳያል። ሐኪም ራሱ ከመረጠ፥ ሳያውቀው አዲሱን መድኃኒት ተስፋ ላለው ሕመምተኛ፥ አሮጌውን ተስፋ ለሌለው ይሰጥና መድኃኒቱ ሳይሆን ምርጫው ድል ያደርጋል።

ዕጣ መቼ እንደሚገባ ለማወቅ ደግሞ ከግብረ ሐዋርያት የበለጠ ትምህርት የለም። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ሌላ ሲተኩ ዕጣውን በሕዝብ ሁሉ ላይ አልጣሉም፤ አስቀድመው መርምረው ለሹመቱ የተገቡ ሁለት ሰዎችን አቆሙ፥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ በሰው ዕውቀት መለየት ሲያቅታቸው ጸልየው ዕጣ ጣሉ፥ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። ለሐኪምም እንዲሁ ነው፦ ዕጣ የሚፈቀደው ዕውቀት በእውነት ባቆመበት ሥፍራ፥ ሁለቱም ሕክምናዎች የተገቡ በሆኑበትና የሚበልጠው ባልታወቀበት ሥፍራ ብቻ ነው። አንዱ እንደሚሻል እያወቀ ዕጣ የሚጥል ሐኪም፥ ዕጣውን ለበደል መሸፈኛ ያደርገዋል።

በአዲሱ ዘመን ዕጣን በሥርዓት ከተጠቀሙት ምርምሮች ስመ ጥር የሆነው በ1948 በእንግሊዝ የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድኃኒቱ ለሁሉ የማይበቃ ስለ ነበር፥ 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው 55ቱ መድኃኒቱን፥ 52ቱ በዚያ ዘመን ልማድ የነበረውን የአልጋ ዕረፍት አገኙ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ 4፥ ከኋለኞቹ 14 ሞቱ። የመድኃኒቱ ኃይል በዚህ በግልጥ ታየ። ሆኖም ዕጣ ያልወጣላቸው ሕሙማን በሆስፒታሉ በተኙበት ጊዜ ሁሉ ለማነጻጸሪያ የተያዙ መሆናቸው አልተነገራቸውም። የበርገኑ ፍርድ ከተሰጠ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ፥ ዕጣው ተገኝቶ ፈቃዱ ገና አልተገኘም ነበር።

በአለርት ደግሞ ዕጣና ፈቃድ አብረው የተሠራባቸው ምርምሮች አሉ። የሥጋ ደዌ ተሕዋሲ በመድኃኒት ከሞተ በኋላ እንኳ፥ ሕሙማኑና ሐኪሞቹ ሪአክሽን የሚሉት ነገር ይነሣል፤ የሰውነት መከላከያ በተሕዋሲው ቅሪት ላይ ሲቈጣ ነርቮችን አብሮ ያቃጥላል፥ ትናንት የጨበጠ እጅ ዛሬ አይጨብጥም፥ የዓይን ቆብ አልከደን ይላል። የሚሰጠው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እርሱም ለወራት ሲወሰድ ስኳርንና የደም ግፊትን ያመጣል፥ አጥንትን ያሳሳል፥ ለሌላ ተላላፊ በሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ ሳባ ላምበርት፥ ዳያና ሎክዉድና ባልደረቦቻቸው ለተተከለ ኩላሊት ጠባቂነት የታወቀው ሳይክሎስፖሪን በፕሬድኒሶሎን ፈንታ ያገለግል እንደ ሆነ ለመመርመር፥ አዲስ ሪአክሽን የተነሣባቸውን 73 ሕሙማን በዕጣ ከፍለው፥ ሐኪሙም ሕመምተኛውም የትኛው መድኃኒት እንደ ተሰጠ ሳያውቁ ለ20 ሳምንት አከሟቸው። በ2016 የታተመው ውጤት፥ በሁለቱም ወገን የቆዳውና የነርቩ መሻሻል ተቀራራቢ መሆኑን፥ ነገር ግን ሪአክሽኑ 85 በመቶ በሚሆኑት እንዳገረሸና በሳይክሎስፖሪን በታከሙት ዘንድ ፈጥኖ እንደ ተመለሰ አሳየ።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ ምርምሩ ከንቱ ቀረ ይል ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ ዓይነቱ ውጤት የበለጠ የሚከበር ሥራ አላውቅም። አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው እንደማይበልጥ፥ ይልቁንም የሪአክሽን ሕክምና ራሱ ገና ያልተፈታ ችግር መሆኑ በቁጥር ታወቀ፤ ይህም ውድ የሆነ መድኃኒት ለድሃ ሕመምተኛ ያለ ማስረጃ ከመጫን አዳነ። እንዲህ ያለው መልስ የተገኘው 73 ሰዎች ሥጋቸውን ላልታወቀ ነገር በፈቃዳቸው ስለ ሰጡ ነው።

ከሥጋ ደዌ ውጭም ይኸው ሥርዓት ትልቅ ፍሬ አፍርቷል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው 20 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅ በነበረበት ጊዜ፥ የአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩትና የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከደቡብ አፍሪካ፥ ከሞንጎሊያና ከቬትናም ጋራ በተካፈሉበት ስትሪም በተባለው ጥናት፥ 424 ሕሙማን ለረጅሙና ከ9 እስከ 11 ወር ለሚፈጀው አጭር ሕክምና በዕጣ ተመደቡ። በ2019 በወጣው ውጤት መልካም ፍጻሜ ያገኙት በረጅሙ 79.8፥ በአጭሩ 78.8 በመቶ ሆኑ። ሥራውን፥ ልጆቹንና ቀለቡን ትቶ በየቀኑ ወደ ጤና ጣቢያ ለሚመላለስ ሰው አንድ ዓመት ያህል ማትረፍ ምን እንደ ሆነ ለመናገር የሐኪም ዕውቀት አያስፈልግም።

ክርክሩ የሚከረው የማነጻጸሪያው ወገን ምን ያገኛል በሚለው ላይ ነው። በ1994 ኤዜቲ የተባለው መድኃኒት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ዕድል በሁለት ሦስተኛ እንደሚቀንስ ታውቆ ሳለ፥ በአፍሪካና በእስያ በተደረጉ ምርምሮች አንዳንድ ነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ክኒን ብቻ ተሰጣቸው። ሉሪና ዎልፍ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1997 ይህን አጥብቀው ነቀፉ፤ ተመራማሪዎቹም በእነዚያ አገሮች ረጅሙ ሕክምና ከቶ አይገኝም፥ የሚጠየቀውም አጭሩና ርካሹ ከምንም ይሻል እንደ ሆነ ነው ብለው መለሱ። መልሳቸው አመክንዮ አለው፤ ነገር ግን በዚያ ልክ ከሄድን፥ ሰው በድህነቱ መጠን የሚገባው ጥንቃቄም ያንሳል ማለት ይሆናል፤ ይህን ልቀበል አልችልም።

ይሁን እንጂ መጠበቅ ሁሉ በደል ነው አልልም። ሕዝቡ ዝሆኔ በሚለው የእግር እብጠት ላይ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት 696 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን እግር ማጠብን፥ ቅባትን፥ ካልሲንና ጫማን ወዲያው፥ ለሁለተኛው ግን ከ12 ወር በኋላ ሰጠ። ትኩሳትና ሕመም ይዞ ከአልጋ የሚያውለው የእግር ቃጠሎ ወዲያው በታከሙት በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፥ በቆዩት 23.9 ጊዜ ሆነ። በዚያ ሥፍራ ሕክምናው ቀድሞ አይሰጥም ነበር፤ የሚቆዩትም ተራቸው እንደሚደርስ ተነግሯቸው ደረሰላቸው። ከኤዜቲው የሚለየው በዚህ ነው። የሕክምናው ጥቅም ግን ከዚያ በፊትም የተገመተ ስለ ነበር፥ አንድ ዓመት ረዘመ የሚለውን አስተያየት እንደ ተራ ነገር አላየውም።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልመለስ፤ በእኔ ዘንድ ከዕጣው የሚከብደው እርሱ ነውና። በኤውሮጳ መጻሕፍት ስለ ፈቃድ የሚጻፈው ሁሉ ሕመምተኛው እንቢ ለማለት የሚችል፥ የሚጠራጠርና የሚሟገት ሰው መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። በእኛ አገር ችግሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ከሩቅ ገጠር፥ ምናልባትም ከጠበል ቦታ ቆይቶ የመጣ ሕመምተኛ በሐኪሙ ፊት ቆሞ፥ ወረቀቱ ገና ሳይነበብለት «እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር፥ ከእግዚአብሔር በታች እርስዎ ነዎት» ይላል፤ ጣቱንም ለአሻራ ያቀርባል። ሐንሰን እንቢታን ፈርቶ አልጠየቀም፤ በኮልፌ የሚሠራ ተመራማሪ ሊፈራው የሚገባው ግን ይህን የፈጠነ እሺታ ነው። በሆስፒታሉ አጠገብ የሚኖር፥ መድኃኒቱንም ጫማውንም የቁስሉንም ማሠሪያ ከዚያ የሚያገኝ ሰው፥ ሲጠየቅ እንቢ ለማለት የሚያስችለው ምን አለው?

ይህን በአገራችን በሚገባ ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ፋሲል ተኮላ፥ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ዝሆኔ በቤተሰብ የሚወርድበትን ምክንያት ለመመርመር ሲነሡ፥ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ፈቃድ እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባ ራሱን የቻለ ጥናት አደረጉ፤ በ2009ም አሳተሙት። ሕመሙ በዘር ነው መባሉ ቤተሰቡን የበለጠ እንዳያስነቅፍና ልጆቹን ከጋብቻ እንዳያስከለክል ሕዝቡ ይሠጋ ነበርና፥ የማስረዳቱ መንገድ በዚያ ሥጋት መጠን ተበጀ። የዘሩ ምርምር ውጤት በ2012 ሲታተም ፈቃዱ ለይስሙላ የተፈረመ ወረቀት አልነበረም።

ዛሬ በኮልፌ አንድ የመድኃኒት ምርምር ከመጀመሩ በፊት የአለርትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፥ ከዚያም አገር አቀፉ ኮሚቴ፥ ለመድኃኒቱም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመለከቱታል። ይህ ሥርዓት የሚደነቅ ነው። ኮሚቴ ግን የሚያነበው ወረቀቱን ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ደግሞ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፥ በነርስና በሕመምተኛ መካከል ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የሚያክመው ሐኪም ራሱ ባይሆን፥ ሕመምተኛው ወረቀቱን ወደ ቤቱ ወስዶ ከሚያምነው ሰው ጋራ ተማክሮ በሌላ ቀን ቢመለስ፥ ሲመለስም የተነገረውን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ቢጠየቅ፥ ዕጣ እንደሚጣልበት፥ ከሁለቱ የሚሻለውን ሐኪሙም ገና እንደማያውቅ፥ እንቢ ቢል ካርዱም መድኃኒቱም እንደማይነካበት እርሱ ራሱ ሲናገረው ቢሰማ፥ ያን ጊዜ አሻራው ፈቃድ ይሆናል። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ጊዜ ይፈጃል፥ ገንዘብም ይጠይቃል ይላሉ። እውነት ነው፥ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ግን ለቤተ ሙከራው ዕቃ እንደሚመደበው ሁሉ በምርምሩ በጀት ውስጥ አስቀድሞ ሊመደብ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋ ይመስለኛል። የእነዚህ ምርምሮች ውጤት የሚታተመው በእንግሊዝኛ፥ ለሐኪሞች በተዘጋጀ መጽሔት ነው። ለ20 ሳምንት ምንነቱን የማያውቀውን ክኒን የዋጠችው እናት ግን የትኛው መድኃኒት እንደ ደረሳት፥ በእርሷና በጓደኞቿ ሥጋ ላይ ምን እንደ ታወቀ የሚነግራት ከሌለ፥ ዕጣዋ ለእርሷ እንደ ታሸገ ይቀራል። ተካፋዩ ፈቃዱን በሚሰጥበት ወረቀት ላይ ውጤቱ የሚነገርበት ወርና ቦታ ተጽፎ፥ ያ ወር ሲደርስ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ከየትም የመጣ ቢሆን በቤቱ ቋንቋ፥ ሕክምናውን በተቀበለበት በዚያው ክሊኒክ ተጠርቶ የእርሱ ድርሻ የትኛው መድኃኒት እንደ ነበረ ሊነገረው ይገባል፤ ለጥሪውም የመመላለሻ ገንዘቡ ከምርምሩ ይከፈል።